ትርፉ መቶ ሰማንያ ሦስት

ሳሚያን እጠላት ነበር ብል ውሸት ነው። እወዳት ነበር፤ ጣጣውም ያ ነው። የሚጠሉት ሰው ሲሳካለት ሁለት ቀን አኩርፎ፣ ትንሽ አምቶ ይወጣለታል። የሚወዱት ሲሳካለት ግን ኬክ መቁረስ አለ፣ «እሰይ!» ብሎ ማጨብጨብ አለ፣ ጉንጭ ስሞ «ይገባሻል» ማለት አለ። ያን ዕለት ሁሉንም አደረግኩ። ኬኩ ሜክሲኮ አደባባይ ካለ ኬክ ቤት የመጣ፣ ክሬሙ የበዛ ነበር። የደረሰኝን ቁራሽ በውሃ ነው ያወረድኩት።

የምሠራው ልደታ ውስጥ፣ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ በአንደኛው መስኮት የባቡሩ ሐዲድ፣ በሌላው የኮንዶሚኒየሙ ልብስ ማስጫ ይታያል። እዚህ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሳሚያ ደግሞ ሦስት ዓመቷ። ስትመጣ ፈሳሽ መምጠጫውን እንኳ እንደ እስክርቢቶ ነበር የምትይዘው። አያያዙን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ተሕዋሲ ማራባቱን፣ ማጠቡን፣ ማፍረሱን፣ ፕሮቲን ማውጣቱን፣ ሁሉን በዚህ በእጄ አሳየኋት። እሷ ደግሞ ፈጣን ናት፤ አንዴ ካየች ይበቃታል። እኔ በሁለት ዓመት የያዝኩትን በሦስት ወር ስትይዘው «ጎበዝ!» እያልኩ ወሮቹን በጣቴ እቆጥር ነበር።

የምናጠናው ካላዛር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋሲ ነው። አንዳንዱ ተሕዋሲ መድኃኒት ሲሰጠው ይሞታል፤ አንዳንዱ መድኃኒቱን ለምዶት ደንታም አይሰጠው። የሳሚያ ሥራ እነዚህን ሁለቱን ማወዳደር ነበር። ከሁለቱም ወገን ፕሮቲን ይወጣል፣ በበረዶ ታሽጎ ውጭ አገር ይላካል፣ እዚያ ያለ ማሽን እያንዳንዱን ፕሮቲን ይመዝናል። ውጤቱ ኬኩ በተቆረሰበት ሰኞ በኢሜይል መጣ። መድኃኒት የለመዱት ተሕዋስያን አንድ ፕሮቲናቸው ከሌሎቹ ከበደ። ትርፉ መቶ ሰማንያ ሦስት ነው፤ ዳልተን በሚባለው፣ ኢምንት ነገር በሚመዘንበት መለኪያ። የሆነ ነገር ተለጥፎበታል ማለት ነው። ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

አለቃችን ዶክተር ተክለጻድቅ ሲደሰቱ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ያን ቀን ሦስቴ ጠረጉት።

«መድኃኒቱን የሚያመልጥበት ዘዴ ይሄ ሊሆን ይችላል» አሉ። «ሳሚያ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ኮሚቴው ፊት ታቀርቢዋለሽ። ካመኑበት የዘንድሮው ዕድል ያንቺ ነው።»

የዘንድሮው ዕድል ማለት፣ ፕሮጀክታችን በአራት ዓመት አንዴ አንድ ሰው ለዶክትሬት ውጭ አገር ይልካል። ያለፈው ጊዜ የሄደው ባሮክ የሚባል የሥራ ባልደረባችን ነው። ያኔ ዶክተሩ ቢሯቸው አስጠርተውኝ «ሰብለወንጌል፣ የሚቀጥለው ያንቺ ነው» ብለውኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያችን ቃል ይዤ ነው ከቤቴ የምወጣው፣ ይዤ የምገባው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አርባ ካለፈው ሰው ማመልከቻ አይቀበሉም። ሳሚያ ሃያ ሰባቷ ነው። እሷ አራት ዓመት ብትጠብቅ ምን ትሆናለች? ምንም። ይሄን ዶክተሩ አያውቁም? ያውቃሉ። ግን ማን ያስታውስሃል፣ አጠገብህ መቶ ሰማንያ ሦስት የምታወጣ ልጅ ካለች!

ኬኩ ተበልቶ ሰው ሲበተን ሳሚያ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ እንደ ቀላ ነው።

«ሰብልዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትቆጪኝ ግን።»

«ምን?»

«ናሙናውን ስታወጪልኝ ዘበኛውን እኔ በጨመርኩት ልክ ነው የጨመርሽው?»

ዘበኛው የምንለው ፕሮቲዬዝ ኢንሂቢተር የሚባለውን ነው። ተሕዋሲው ሲፈርስ ከውስጡ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይለቀቃሉ፤ ከልካይ ካላገኙ የምንፈልገውን ሁሉ ይበጣጥሱታል። ዘበኛው ከተጨመረ እነሱን ይይዛቸዋል፣ ፕሮቲኑ በሰላም ይወጣል። ጥያቄዋ ተራ ጥያቄ ነበር። ጥሩ ሠራተኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቱቦ እንዴት እንደሚከፈት ያስተማርኳት ልጅ፣ የእኔን ወንበር ከወሰደች በኋላ ቆማ እጄን ትመረምራለች!

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ!» አልኳት። «ዛሬ ነው ሥራ የጀመርኩት?»

«ውይ፣ አፉ በይኝ። እንዲያው ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ነው» አለችና አቀፈችኝ። ልቧም አረፈ። በዚያው የያዘችውን የሥራ መዝገብ ዘጋች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሳሚያን ማየት ሆነ። ስልክ ስታወራ አያለሁ፣ ዶክተሩ ትከሻዋን መታ ሲያደርጓት አያለሁ፣ አባቷ ጀይላን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ሱቃቸው ሙዝ በካርቶን ሲልኩልን አያለሁ። ሙዙንም በላሁ። ከባቡሩ ድልድይ እስከ ቤቴ በእግሬ እየሄድኩ በልቤ የምላት ሌላ ነበር። እንዴት እሷ? በእኔ ቱቦ፣ በእኔ ዘዴ፣ እኔ ባወጣሁት ናሙና! አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ደስ ይበለኝ ብዬ ራሴን ብመክር አልሰማኝም።

ስህተት መፈለግ ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ሰንጋ ተራ ምግብ ቤቶች ሲወርድ እኔ ወንበሬ ላይ እቀራለሁ። ውጤቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ቁጥሮቹን ደምሬ ቀነስኩ። ምንም የለውም፤ ንጹሕ ነው። አራተኛው ቀን ላይ ዘበኛው አልቆ ስለነበር አዲስ ካርቶን ከፈትኩ። ውስጡ የታጠፈች ወረቀት አለች፤ ከመድኃኒት ጋር እንደምትመጣዋ፣ ማንም ሳያነብ የሚጥላት። ጊዜ ስለነበረኝ፣ ጠብም ስለፈለግኩ ዘርግቼ አነበብኳት።

ከታች፣ በደቃቁ ፊደል፣ እንዲህ የሚል ሐሳብ ነበረበት። ይህ ነገር ከመጠን በላይ ከተጨመረና ፈሳሹ አልካላይን፣ ማለትም እንደ እኛው የአሲድ ተቃራኒ፣ ከሆነ፣ ኢንዛይሙን መያዙን ትቶ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይም ሊጣበቅ ይችላል። የተጣበቀበት ፕሮቲን ክብደቱ ይጨምራል። ጭማሪውም መቶ ሰማንያ ሦስት ነው።

ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ከዚያ ሳቅኩ፤ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ምስጢር የለም! ተሕዋሲው ምንም አላደረገም! ዘበኞቹ በዝተው፣ ሥራ አጥተው፣ እጃቸውን ዕቃው ላይ አድርገው ነው። የትኛውን ወገን እኔ እንዳወጣሁ እንኳ ሳላስታውስ፣ አብዝታ የጨመረችው ሳሚያ ናት አልኩ፤ ኬክ የተቆረሰውም ለእሱ ነው። እንዲህ ያለ ደስታ ከስንት ዓመት በኋላ እንደተሰማኝ አላውቅም። ካፖርቴን ደርቤ ሜክሲኮ ድረስ ወርጄ ማኪያቶ ከነብስኩቱ አዘዝኩ። ብቻዬን ተቀምጬ ጠጣሁት። ዝናቡ ሲመጣ እንኳ ደስ አለኝ።

አሁን የሚቀረው ስንት እንደጨመረች ማየት ነው። ተመለስኩና መዝገቡን ገለጥኩ።

መድኃኒት የለመዱት ናሙናዎች የወጡበት ገጽ የካቲት ውስጥ ነው። ጽሑፉ የሳሚያ አልነበረም። የእኔ ነበር።

ያኔ ትዝ አለኝ። እህቷ ወራቤ ከተማ ስትዳር ሳሚያ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወጣች። መድኃኒት የማይነካቸውን ናሙናዎች «አደራሽን» ብላ ለእኔ ተወችልኝ። በዚያው ሳምንት ሰንጋ ተራ በኩል መሠረት የሚቆፍር ማሽን የመብራት ኬብል በጠሰ። ስድስት ቀን መብራት የለም፤ ጄነሬተሩ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ይነሣል። እኛ ላቦራቶሪ «ለመብራቱ» የሚባል ነገር አለ። መብራት ቢጠፋ፣ ማቀዝቀዣው ቢሞቅ፣ ናሙናው እንዳይበላሽ ከታዘዘው ላይ ትንሽ እናክላለን። በረዶ ስንሞላ ለመብራቱ አንድ እፍኝ፣ ዘበኛ ስንጨምር ለመብራቱ አንድ ጠብታ። ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለሁሉም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ላይ አይጻፍም። ወጥ ውስጥ የተጨመረ ቁንጥር ጨው ማን ይመዘግባል?

በዚያ ሳምንት ግን አንድ ጠብታ አልነበረም። ስድስት ቀን ጨለማ ነው፤ ናሙናው ቢበሰብስብኝ ሳሚያ ምን ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። አምስት እጥፍ ጨመርኩ። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ግን «ኢንሂቢተር ተጨምሯል» ብቻ ነው። መድኃኒት የሚገድላቸውን ናሙናዎች ሳሚያ ራሷ በኅዳር፣ መብራቱ ደህና በነበረ ጊዜ፣ በልኩ አውጥታቸዋለች። የሁለቱ ልዩነት እንግዲህ እኔ ነኝ።

መዝገቡን ዘግቼ ተቀመጥኩ። 

እዚህ ላይ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አውቃለሁ። ሄዶ መናገር ነው። «ሳሚያ፣ አጥፍቻለሁ፤ ውጤቱ ውሸት ነው» ማለት ነው። ግን ይሄን ብናገር ማን ይወድቃል? እኔ። አሥራ አንድ ዓመት «የሰብለ እጅ» ሲባል የኖረው እጄ ይወድቃል። ዕድሉም ለእኔ አይመጣም፤ አጥፍታ አጠፋሁ ላለች ሴት ማን የውጭ አገር በር ይከፍትላታል? ዝም ብልስ? ኮሚቴው ውስጥ ያሉት የበሰሉ ሰዎች ናቸው። መቶ ሰማንያ ሦስትን ሲያዩ ያውቁታል። ሳሚያን እዚያው ሰው ፊት ያፈርሷታል፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ የሚያጋልጠኝ ነገር የለም። የወደቀችው እሷ፣ ባዶ የቀረው ወንበር የእኔ።

ዝም አልኩ። አሥራ ሁለት ቀን።

አሥራ ሁለት ቀን ቀላል አይደለም። በአምስተኛው ቀን ሳሚያ የምታቀርበውን ስላይድ አሳየችኝ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ስም አለ። የእኔ ከላይ፣ የእሷ ከታች።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ናሙናውን ማን አወጣው? በዚያ ጨለማ አንቺ ባትኖሪ ምን ይዤ እልክ ነበር? ዶክተሩን አስፈቅጃለሁ።»

ስሜን አየሁት፤ ሰብለወንጌል ተብሎ፣ በትልቁ። ደስ ይበለኝ? ይልቅ ተናደድኩ። ለጋስ መሆን እንኳ ለእሷ ቀላል ነው! እኔ ብሆን ስሟን ከታች አስቀምጥ ነበር፤ ያውም ካስቀመጥኩት። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ምናለ ውጤቱ እውነት በሆነ። ምናለ ያ የተለጠፈው ነገር ከተሕዋሲው በሆነ። ያን ለቅጽበት ተመኘሁ፤ ወዲያው ደግሞ አይሆንም፣ እውነት ከሆነ እሷ ትሄዳለች ብዬ ተውኩት።

ልታቀርብ ሁለት ቀን ሲቀራት ከሰዓት በኋላ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ይዛኝ ገባች። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ እኔን ፊት ለፊት አስቀመጠችኝ።

«ልለማመድ። አንቺ ኮሚቴ ነሽ» አለች። «ክፉ ክፉ ጥያቄ ጠይቂኝ። የማልመልሰው ካለ እዚሁ ልወቀው፤ እዚያ ፊታቸው ላይ ከምዋረድ።»

ጠየቅኳት። ተሕዋሲው ስንተኛ ትውልዱ ነው? ለምን ያንን መድኃኒት መረጥሽ? ስንት ጊዜ ደገምሽው? ማሽኑን ማን አስተካከለው? አሥራ አምስት ጥያቄ ጠየቅኳት፤ አንዱም የዋዛ አልነበረም። ሁለቱን አልመለሰችም፤ ጽፋ ያዘች። አንዷን ብቻ አልጠየቅኳትም። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ዋጥኳት።

«ሌላ?» አለች።

«ሌላ የለም። ጨርሰሻል።»

«አንቺ ከጠየቅሽኝ በኋላማ ማንንም አልፈራም!» ብላ ሳቀች። ያ ሳቋ እስካሁን ይሰማኛል።

ቀኑ ደረሰ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ መሐል ላይ የተቀመጡት ፕሮፌሰር ሌንሳ ናቸው። ጠጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳሚያ አዲስ ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። አቀራረቧ አማረ። እንዲህ አድርጎ ማቅረብ እኔ አልችልም፤ እንደማልችል ሳውቅ ደግሞ ይብስ ተቃጠልኩ። ስትጨርስ ጥያቄ ተጀመረ። እኔ ከጠየቅኳት አሥራ አምስቱ ውስጥ ስድስቱ መጡ፤ ሁሉንም መለሰች፤ በየመልሱ መጨረሻ ወደ እኔ ሰረቅ አድርጋ ታያለች።

ፕሮፌሰር ሌንሳ መጨረሻ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«መቶ ሰማንያ ሦስት የሚለው ቁጥር ሌላም ቦታ አጋጥሞኛል» አሉ። «ናሙናው ሲወጣ ኢንሂቢተር ጨምራችኋል አይደል? አንዳንዱ ሲበዛ ራሱ ይጣበቃል። መጠኑ በሁለቱም ወገን እኩል ነው?»

መጣ። የጠበቅኩት መጣ።  አሁን ትደነብራለች፣ አሁን ትንተባተባለች ብዬ አየኋት። ሳሚያ ግን ፈገግ አለች።

«እኩል ነው ፕሮፌሰር። ይሄንኑ እኔም ገና ውጤቱ እንደመጣ ጠይቄያለሁ። መድኃኒት የለመዱትን ያወጣችው ሰብለወንጌል ናት፤ ያቻትና። እንደ ሁልጊዜው ነው ብላ አረጋግጣልኛለች። በእጇ ሥራ እኔ እምላለሁ።»

ፕሮፌሰሯ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኩል ከሆነማ ጥርጣሬዬ አበቃ። እንግዲያው ትልቅ ነገር ነው የያዝሽው ልጄ» አሉ። ከዚያ ለወጉ ያህል ወደ እኔ ዞሩ። «እኩል ነበር?»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ዶክተር ተክለጻድቅ መነጽራቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን አንሥተዋል። እኔ የጠበቅኩት እንዲያፈርሷት ነበር፤ እነሱ ግን በእኔ ቃል ሊያነግሷት ነው። አንድ «አዎ» ብቻ ቀርታለች። «አዎ» ካልኩ ትሄዳለች፤ ዶክተር ሳሚያ ትባላለች፤ በእኔ አምስት እጥፍ። ያ ነው ያስነሣኝ። እውነት ወድጄ አይደለም፣ ሳሚያ አሳዝናኝም አይደለም። ያ እንዲሆን መፍቀድ ስላልቻልኩ ነው።

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ወፍሮ ወጣ። «እኩል አልነበረም። መድኃኒት የለመዱትን ሳወጣ ስድስት ቀን መብራት አልነበረም። አምስት እጥፍ ጨምሬያለሁ። መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም።»

 ሳሚያ የያዘችው መጠቆሚያ ቀይ ነጥብ ግድግዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ታየ። ከዚያ አጠፋችው።

«እንዲያ ከሆነ ውጤቱ አይቆምም» አለች፣ ቀስ ብላ። «ጊዜያችሁን ስለወሰድኩ ይቅርታ። እንደገና እሠራዋለሁ።»

ቀጥሎ የሆነውን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ፕሮፌሰር ሌንሳ ተነሥተው ወደ እኔ መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «የራስን ጥፋት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት! ይሄ ነው ሳይንስ» አሉ። አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ዶክተር ተክለጻድቅ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ «አሥራ አንድ ዓመት የማውቃት ናት፤ ምን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ» ይላሉ ለየሰዉ። ማን እንደሆንኩ ቢያውቁ! ጭብጨባው መሐል ሳሚያ ብቻዋን ገመዱን እየጠቀለለች፣ ኮምፒውተሯን እየዘጋች ነበር።

ላቦራቶሪ ተመልሼ ጋውኔን ሳወልቅ ተከትላኝ ገባች። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ፤ እንድትጮህ ፈልጌም ነበር። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ መጸዳጃ ቤት ገብታ እንዳለቀሰች ያስታውቃል። መጥታ አቀፈችኝ።

«እንዴት ጨንቆሽ ይሆን» አለችኝ። «ድንገት ትዝ ሲልሽ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየሽ… እኔ ብሆን አልናገርም ነበር ሰብልዬ። ወላሂ አልናገርም ነበር። ስለ እኔ አታስቢ፤ የሚሠራ እጅ አለኝ፣ እደግመዋለሁ።»

ይሄን ነው ያልቻልኩት። ሁሉን ነገር አጥታ እንኳ ከእኔ በላጭ ሆና ትቆማለች? ያጣችው እሷ፣ የምታጽናናውም እሷ? ለእኔ ምን ተወችልኝ? ከእቅፏ ወጣሁ።

«ድንገት ትዝ ብሎኝ አይደለም» አልኳት። «ካወቅኩ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖኛል።»

መጀመሪያ አልገባትም። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆየ።

«ምን?»

«የዘበኛውን ወረቀት አንብቤ፣ መዝገቡን አይቼ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። እንዲያዋርዱሽ ጠብቄ ነበር። ቀናሁብሽ ሳሚያ። ከመጣሽ ቀን ጀምሮ ቀንቼብሻለሁ።»

እጆቿ ወደ ታች ወረዱ።  ታች ሐዲዱ ላይ ባቡሩ አለፈ፤ መስኮቱ ነዘረ።

«አዳራሹ ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቂኝ… ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አንገቷን ነቀነቀች።  ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ በሩንም እንዳይጮህ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ነገ ለዶክተሩ ትነግራለች ብዬ አደርኩ። አልነገረችም። በሳምንቱ ትነግራለች አልኩ፤ አልነገረችም። በሦስተኛው ሳምንት ኮሚቴው ወሰነ። ደብዳቤው ላይ «ለሙያዋ ያላትን ፍጹም ታማኝነት ከግምት በማስገባት» የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩም ስሜ። ዶክተሩ ሁሉንም ሰብስበው ጮክ ብለው አነበቡት። ሳሚያን የማላያት መስዬ አየኋት። ከሌሎቹ ጋር እያጨበጨበች ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ፤ ጉንጬንም ሳመችኝ። ይሄን መሳም አውቀዋለሁ፤ የኬኩ ቀን እኔ እንዲሁ ነው የሳምኳት። አንድ ቃል ብትናገር ደብዳቤው ይቀደዳል። ለምን እንደማትናገር ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን ለመስማት ድፍረቱ የለኝም። ፈርሜ መለስኩት። መስከረም ላይ እሄዳለሁ።

ትናንት ጠዋት ስገባ ቀድማኝ ገብታ ነበር። የድሮውን ናሙና በሙሉ ጥላዋለች፤ ከመጀመሪያው እያራባች ነው። ጠረጴዛው ላይ ሃያ አራት ቱቦ በበረዶ ተደርድሯል፤ ለአንድ ሰው ብዙ ነው፤ እጇ እየተጣደፈ ነው።

«ግማሹን ልያዝልሽ?» አልኳት።

«አይ፣ ተዪው» አለች፣ በለሆሳስ፣ ቀና ሳትል። «እኔው እሠራዋለሁ።»

ቁጣ የለበትም። ለማያውቁት ሰው በትሕትና እንደሚመለስ ነው የመለሰችልኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አየኋት። ዘበኛውን በየቱቦው በልኩ ጨመረች። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ምንም አላከለችም። መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የፈሳሹን ዓይነት መዝገቡ ላይ አንድ በአንድ ጻፈች። ስትጨርስ ቱቦዎቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባች፤ ከኪሷ አዲስ ቁልፍ አወጣችና ማቀዝቀዣውን ቆለፈችው። ቁልፉን የት እንዳስቀረጸችው አላውቅም። ያን ማቀዝቀዣ የምንጠቀመው እኔና እሷ ብቻ ነን።